ምክር የማይሰማ የስኳድ ባልደረባን ምን እናድርገው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ስልክ ጌም በጋዜጣ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጊዜ ማባከኑ፣ ዓይን ማድከሙና ልጆችን ከትምህርት ማዘናጋቱ ነው። ያ ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን። እኛ የምናነሳው በየምሽቱ ጓደኛሞችን የሚያኳርፈውን፣ የአጎት ልጆችን ከቴሌግራም ግሩፕ የሚያስወጣውን ጉዳይ ነው። በቡድን ሲጫወቱ ደካማ የሆነ፣ ሲነግሩትም «እኔን አታስተምረኝ» የሚል ባልደረባ ምን ይደረግ? ለምሳሌ የምንወስደው ፐብጂ ሞባይልን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ለዓለም ከተለቀቀ ወዲህ እዚህም፣ በውጭ ካሉ ዘመዶቻችንም ጋር በብዛት ስለሚጫወቱት ነው።

ጌሙን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ በትልቁ ካርታ በኤራንጄል 100 ተጫዋቾች 8 በ8 ኪሎ ሜትር በሆነ ደሴት ላይ በፓራሹት ይወርዳሉ፣ መሣሪያ ይለቅማሉ፣ ዞን የሚባለው ክብ እየጠበበ ያቀራርባቸዋል፣ በመጨረሻ የተረፈው ቡድን ያሸንፋል። አንድ ስኳድ አራት ሰው ነው። ከአራቱ አንዱ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሞተና ሳይመለስ ከቀረ የቀሩት ሦስቱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሙሉ አራት ሰው ካላቸው ስኳዶች ጋር ይታገላሉ። ንዴቱ የሚመነጨው ከዚህ ሒሳብ ነው፣ ንዴቱም ያለምክንያት አይደለም።

ግን አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። «አይሰማም» ከሚባሉት ልጆች ብዙዎቹ የማይሰሙት ምክሩ ያለ ሰዓቱ፣ ከመጠኑ በላይና ባላጠፉት ጥፋት ላይ ስለሚወርድባቸው ነው። ይህን አስተካክለንም አልሰማ ያለውን ሰው ምክር መጨመር አይለውጠውም። የሚለውጠው የሥራ ድርሻውን መቀየር ነው።

ከጥፋቱ እንጀምር። ሰው ሲሸነፍ መጀመሪያ የሚታማው እጁ ነው፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ስልኩና ኔትወርኩ ነው። በስክሪኑ ጥግ ላይ የሚታየውን የፒንግ ቁጥር፣ ማለትም መረጃ ከስልኩ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ፣ ጠይቁት። ከ100 ሚሊ ሰከንድ በታች ከሆነ ደህና ነው። 200ን ከዘለለ ልጁ ግድግዳ ጀርባ ከገባ በኋላ ይመታል፤ ምክንያቱም ሰርቨሩ ገና የሚያየው ከመግባቱ በፊት የነበረበትን ቦታ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ለምን ከለላ አትይዝም?» ብትሉት ከለላ ይዞ ስለነበር ይናደዳል፣ እውነቱንም ነው። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ አብሮ ይጠፋል፣ ስልኩ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፣ ፒንጉም ይዘላል። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ቪዲዮ ሲያወርድ ወይም ቴሌግራም ከኋላ ሆኖ ፋይል ሲጎትትም እንዲሁ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመግባቱ በፊት የሌሎችን አፖች ዳታ መዝጋት፣ የቴሌግራምን ራስ ሰር ማውረጃ ማጥፋት።

ቀጥሎ ሙቀቱ። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ የሚጫወት ሰው ስልኩ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማቀዝቀዝ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ምስሉም መንተባተብ ይጀምራል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጨዋታው መጨረሻ ላይ፣ የመጨረሻዎቹ ዞኖች ሲጠቡ ነው። ስለዚህ «መጨረሻ ላይ ይፈራል» የተባለው ልጅ ፈሪ ላይሆን ይችላል። ግራፊክሱን ስሙዝ ላይ፣ ፍሬም ሬቱን ስልኩ የሚችለው ከፍተኛ ላይ ያድርግ። ሃይ የሚለው በሰከንድ 30 ምስል፣ አልትራ 40፣ ኤክስትሪም ደግሞ 60 ነው። መልክ የሚያሳምረውን ኤችዲአር መርጦ በ30 የሚጫወት ልጅ በ60 ከሚጫወተው ጋር ሲገናኝ ጠላቱን ዘግይቶ ያያል።

ኢርፎንም አለ። በስልኩ ስፒከር የሚጫወት ሰው ኮቴ መኖሩን እንጂ ከግራ ይሁን ከቀኝ አይለይም፤ ማይኩንም ከከፈተ የእናንተው ድምፅ ተመልሶ በማይኩ ይመጣባችኋል። ርካሽ የብሉቱዝ ኢርፎን ደግሞ ድምፁን ያዘገያል፤ ኮቴው ሲሰማ ሰውየው በር ላይ ደርሷል። ባለ ገመድ ርካሽ ኢርፎን ከእሱ ይሻላል። ይህን መንገር ማንንም አያስቀይምም፤ ጥፋቱ የዕቃው ስለሆነ ሰው በቀላሉ ይቀበለዋል። የመጀመሪያው ምክራችሁ ስለ ዕቃ ይሁን የምንለውም ለዚህ ነው፤ አንዴ ምክራችሁ የጠቀመው ሰው ለሁለተኛው ጆሮ አለው።

ዕቃው ደህና ከሆነ ወደ ሰውየው እንምጣ። ጨዋታው ሲያልቅ የሚመጣውን የውጤት ሰሌዳ ብዙ ሰው የሚያነበው ኪል ለመቁጠር ብቻ ነው። ማንበብ ለሚያውቅ ግን ከዚያ በላይ ይናገራል። ሙሉ ጤና ያለውን ተጫዋች ለመጣል 100 ጉዳት ማድረስ ያስፈልጋል። ባልደረባችሁ 450 ጉዳት አድርሶ አንድ ኪል ብቻ ካለው እጁ ይሠራል፤ ችግሩ ብቻውን ራቅ ብሎ ይተኩሳል፣ የመታው ሰው ከለላ ገብቶ ይታከማል፣ ሌላው የስኳድ አባልም አልተከተለውም። ይህ የእሱ ብቻ ሳይሆን የቡድኑም ጥፋት ነው። 40 ጉዳት አድርሶ በአራተኛው ደቂቃ የሞተው ሌላ ነው፤ እሱ ወይ ብቻውን ወርዷል ወይ መሣሪያ ሳይዝ ተገናኝቷል። 30 ጉዳት አድርሶ 26 ደቂቃ የቆየው ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው፤ እሱ ተደብቆ ነው የቆየው።

በዚህኛው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክር የማይሰማው በብዛት እሱ ነውና። ፐብጂ የደረጃ ነጥብ የሚሰጠው ለመግደል ብቻ አይደለም፤ ለመቆየትም ነው። ስለዚህ ሣር ውስጥ ተኝቶ፣ ቤት ውስጥ በር ዘግቶ፣ ጓደኞቹ ሲሞቱ እየሰማ የቆየ ሰው የጌሙ ወቅት (ሲዝን) እስኪያልቅ ከፕላቲነም ወደ ዳይመንድ፣ ከዳይመንድ ወደ ክራውን ሊወጣ ይችላል። «ለምን አልረዳኸንም?» ስትሉት ደረጃውን ያሳያችኋል። ማስረጃው በእጁ ነው፤ ጌሙ ራሱ «ልክ ነህ» ብሎታል። ከዚህ ሰው ጋር ስለ ችሎታ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው። የሚጠቅመው ከመግባት በፊት መስማማት ነው፦ ዛሬ የምንጫወተው ነጥብ ለመጠበቅ ነው ወይስ ለመዋጋት? ነጥብ ለመጠበቅ ከሆነ እሱ ልክ ነው፤ እናንተም ከእሱ ጋር ቤት ያዙ። ለመዋጋት ከሆነ ነጥብ እንደሚወርድ ከወዲሁ ይወቅ። ከጥሎች ግማሾቹ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ጌም እየተጫወቱ መሆናቸውን ስላልተነጋገሩ የሚነሱ ናቸው። የኤራንጄል መሐል ባለችው ከተማ በፖቺንኪ ወርዶ በሦስት ደቂቃ መሞት የሚያስደስተውም አለ፤ ለእሱ ያ ምሽቱን ሙሉ ያዝናናዋል፣ እሱን «ደካማ» ማለትም ስህተት ነው።

አሁን ስለ ሰዓቱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ተኩስ መሐል የሚሰጥ ምክርም እንዲሁ ነው። ተኩስ ላይ ያለ ሰው ሊቀበል የሚችለው መረጃ ብቻ ነው፣ እሱም አጭር ከሆነ። በየስኳዱ የሚሰማው ግን ይህ ነው፦

«እዛ! እዛ ነው! አታይም እንዴ? እዛጋ እኮ ነው! ኧረ በናትህ!»

«እዛ» ማለት አራት አቅጣጫ ለሚያዩ አራት ሰዎች አራት የተለያየ ቦታ ነው። ከስክሪኑ በላይ ኮምፓስ ተቀምጧል፦ ሰሜን 0፣ ምሥራቅ 90፣ ደቡብ 180፣ ምዕራብ 270። «285፣ ድንጋዩ ጋ፣ ሁለት ናቸው፣ አንዱ ኖክ ነው» ብትሉ በሁለት ሰከንድ አቅጣጫው፣ ከለላው፣ ብዛቱና ሁኔታው ተነግሯል፤ ኖክ ማለት ተመትቶ የወደቀ ግን ገና ያልሞተ ነው። ቁጥሩ የሚሠራው ተቀራርባችሁ ከቆማችሁ ነው፤ ከተናጋሪው 200 ሜትር ርቆ ላለ ሰው ያው 285 ሌላ ቦታ ያሳየዋል፣ ለእሱ ካርታው ላይ ምልክት አድርጉለት። ማይክ ለሌለው ወይም ቋንቋ ለማይገናኝ ሰውም ምልክቱ በቂ ነው፤ የፈጣን መልእክት ዝርዝሩን ደግሞ በሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ በብዛት በምትጠቀሙባቸው ሐረጎች አስተካክሉት።

ሌላው የጩኸት ሰዓት ባልደረባ ሲወድቅ ነው። እዚህ ላይ ቁጥሮቹን ማወቅ ይጠቅማል። የወደቀን ሰው ማንሳት 10 ሰከንድ ይፈጃል። የተነሳው ሰው የሚነሳው 10 በመቶ በሆነ ጤና ነው፤ አንድ ጥይት ይመልሰዋል። ፈርስት ኤይድ ለመጠቀም 6 ሰከንድ ይወስድበታል፣ እሱም እስከ 75 በመቶ ብቻ ያደርሰዋል። ስለዚህ የወደቀ ሰው እንደገና ለውጊያ የሚሆነው በትንሹ ከ16 ሰከንድ በኋላ ነው። ደካማው ተጫዋች እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት አንድ ዓይነት ነው፦ ደግ ስለሆነ በቀጥታ ሮጦ ይመጣል፣ ጓደኛው ላይ ጎንበስ ይላል፣ በሦስተኛው ሰከንድ እሱም ይወድቃል። አንዱ የጠፋው ስኳድ ሁለት አጣ። ቆመው የቀሩት ሁሉ ከወደቁ ደግሞ ስኳዱ ወዲያው ያልቃል፤ የሚያነሳ የለም።

ስለዚህ የወደቀው ሰው «ሪቫይቭ! ሪቫይቭ!» (አንሱኝ) ማለቱን ትቶ ሁለት ነገር ያድርግ፤ ወደ ከለላ ይሳብ፣ የመታው ሰው ያለበትን ቁጥር ይናገር። የሚያነሳው ሰው መጀመሪያ ስሞክ (የጭስ ቦምብ) ይወርውር። ስሞኩ የሚወድቀው በወደቀው ሰው ላይ ሳይሆን በወደቀው ሰውና በጠላት መካከል ነው። ጓደኛው ላይ ብቻ የወደቀ ስሞክ ጠላት መሐሉን እያየ በግምት እንዲረጭበት ያደርጋል፣ የእጅ ቦምብም ይጠራል። ሁለት ስሞክ ካለ ሁለተኛው እስከ ከለላው ድረስ መሸፈኛ ይሁን። ሦስተኛው ሰው ጥይት ባይመታም ወደዚያ አቅጣጫ ይተኩስ፤ ጠላት አንገቱን እንዳያወጣ። ይህን ሁሉ ግን ውጊያው መሐል ማስረዳት አይቻልም። በዚያ ሰዓት የሚባለው አንድ ቃል ነው፦ «ስሞክ» ወይም «አትምጣ»። ማብራሪያው ከጨዋታው በኋላ ይደርሳል።

ከጨዋታው በኋላም ቢሆን ሎቢ (ቀጣዩ ጨዋታ የሚጠበቅበት ገጽ) እንደተመለሱ በዚያው ትኩሳት አይነገርም። ሦስቱም እየተቀባበሉ ሲናገሩት ደግሞ ምክርነቱ ቀርቶ ፍርድ ቤት ይሆንበታል። እኛ ጋ እልህ የሚባል ነገር አለ፤ በሰው ፊት የተነካ ሰው ልክ መሆናችሁን እያወቀም ተቃራኒውን ያደርጋል። ሙድ ከተያዘበት በኋላማ የነገራችሁት ነገር ሁሉ የቀልዱ ቅጥያ ሆኖ ነው የሚሰማው። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ ይናገር፤ የሚናገረውም ልጁን የሚቀርበው ይሁን፣ የግድ ጎበዙ መሆን የለበትም። በግል በቴሌግራም ቢሆን ይመረጣል። ታናሽ ታላቁን ሲያርም አነጋገሩ ይለሰልስ፦ «ወንድሜ፣ ቅድም ዞኑ ሲዘጋ በየት በኩል ልንገባ አስበህ ነበር?» ጥያቄ ነው፣ ጥያቄ ደግሞ መልስ ይጠራል። አንዳንዴም መልሱ እናንተ ያላያችሁትን ያሳያል፤ «ድልድዩ ላይ መኪና ሰምቼ ነው የዞርኩት» ካለ ልክ የነበረው እሱ ነው። ሴቶች የስኳድ አባላት ላይ የሚወርደው «አንቺ ደግሞ ተይው» ዓይነት ንግግር ምክር አይባልም፤ እንዲህ የሚናገረውን ሰው ማረም ከደካማው በፊት ይቀድማል።

በአንድ ምሽት አንድ ነገር ብቻ። ሁለት ከነገራችሁት አንዱንም አይዝም። የሚነገረውም የሚቆጠር ነገር ይሁን። «ተጠንቀቅ» አይቆጠርም። «ዛሬ ሁልጊዜ ሁለት ስሞክ ያዝ» ይቆጠራል። «ከእኛ ከ100 ሜትር በላይ አትራቅ» ይቆጠራል፤ ርቀቱ ከባልደረባው ስም ጎን ስለሚታይ ራሱ ሊከታተለው ይችላል። «ሉት (ዕቃ መልቀም) አታብዛ» አይቆጠርም፤ «150 የ5.56 ጥይት ከያዝክ ውጣ» ይቆጠራል። ሉት ላይ የሚሞቱት ብዙዎቹ ስግብግብ ሆነው አይደለም፤ ራስ ሰር ማንሻው ገደብ ስላልተደረገበት ቦርሳው በማይረባ ነገር ይሞላል፣ ከዚያ ቆመው ሲያራግፉ ይመታሉ። ሴቲንግ ውስጥ የእያንዳንዱን ዕቃ መጠን መወሰን ይቻላል፤ የማይጠቀምበትን የመሣሪያ ጥይትም ዜሮ ማድረግ።

እጅን በተመለከተ አንድ በጣም የተለመደ የምክር ስህተት አለ። ሁለት አውራ ጣት ብቻ የሚጠቀም ሰው በአንድ ጊዜ መሮጥ፣ ማነጣጠርና መተኮስ ይቸገራል፤ ስለዚህ ጎበዞቹ «ወደ አራት ጣት ቀይር» ይሉታል። ምክሩ ልክ ነው። ነገር ግን የቀየረ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቀድሞው ይብሳል፤ ጣቱ ቁልፉን ይስታል፣ ዘሎ ሊገባ ሲል ይተኛል። ይህን አስቀድሞ ያልነገራችሁት ሰው በሁለተኛው ቀን «ምክራችሁ ነው ያበላሸኝ» ብሎ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ አይሰማም። የዩቲዩብ ሰው የሴንሲቲቪቲ ኮድ፣ ማለትም ጣት ሲንቀሳቀስ እይታው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚዞር የሚወስነውን ማስተካከያ፣ ቀድቶ መስጠትም ያው ነው። ኮዱ ለዚያ ሰው ስክሪን ስፋትና ጣት፣ ጋይሮስኮፕ (ስልኩን በማዘንበል ማነጣጠር) መጠቀም አለመጠቀሙም ታስቦ የተሠራ ነው። ኮድ ካስገባም ማሰልጠኛ ሜዳ ገብቶ ከግድግዳ ፊት ይቁም፣ ኤም 416 የሚባለውን መሣሪያ ይያዝ፣ 30ውን ጥይት ሳያቋርጥ ይተኩስ። የጥይቱ ምልክት ወደ ላይ ከሄደ ሴንሲቲቪቲውን ከፍ ያድርግ፣ ወደ ታች ከተሳበ ይቀንስ፣ በየጊዜው ጥቂት በመቶ ብቻ። ከዚያ ወደ ቲም ዴዝማች ይግባ፤ አራት ለአራት ነው፣ 40 ኪል ቀድሞ የሞላ ቡድን ያሸንፋል፣ ሞቶ ወዲያው ስለሚመለስ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በመደበኛው ጨዋታ (በክላሲክ) በአንድ ምሽት የማያገኘውን ውጊያ ያገኛል። ማንም ነጥብ አያጣበትም፣ ማንም አይጮህበትም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይሰማ አለ። እሱን መምከር አቁሙ። ድርሻውን ቀይሩ።

ሲወርድ ከስኳዱ የሚነጠለውን ሰው አውሮፕላኑ ላይ ፎሎው እንዲያደርግ ጠይቁት፤ መዝለሉ የሌላው ሥራ ስለሚሆን እሱ ምንም አልተመከረም፣ ግን አብሯችሁ ወረደ። ተኩሱ የማይሆንለት ልጅ ኤኬኤም ይዞ ከሚታገል ኤም 416 ወይም ለቅርብ ርቀት ዩኤምፒ 45 ስጡት፤ ኤኬኤም ጉዳቱ ከፍ ያለ ቢሆንም ወደ ላይ የሚረግጠው ነገር ለእሱ አይሆንም። ካር 98 ከእጁ ውሰዱ፤ አምስት ጥይት ብቻ የሚይዝ፣ በየጥይቱ የሚቀባበል መሣሪያ አንድ ከሳተ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። ከእሱ ይልቅ ሚኒ 14 ከአራት እጥፍ ስኮፕ ጋር ይያዝ፣ ከኋላ ሆኖ ይመልከት። ሰው ማየትና ቁጥሩን መናገር ራሱ ትልቅ ሥራ ነው፤ ብዙ ደካማ የተባሉ ልጆች ዓይናቸው ከእጃቸው ይበልጣል። ፈርስት ኤይዱንና ስሞኩን የሚሸከም፣ ሌሎቹ ሲዋጉ ጀርባ የሚጠብቅ ሰው ለእያንዳንዱ ስኳድ ያስፈልጋል። ድርሻው ሲሰጠው «አትችልም» መባል የለበትም፤ «ጀርባችንን አንተ ያዝ» ማለት በቂ ነው። መኪና ግን አትስጡት። ብዙ ስኳድ «ቢያንስ ይንዳ» ይልና አራቱንም በአንድ ዛፍ ያጣል፤ ሹፌር የመንገድና የጊዜ ውሳኔ የሚወስደው ሰው ነው።

ውጭ ካሉ ዘመዶች ጋር ሲሆን አንድ የተለየ ነገር አለ። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሪያድ፣ አንዱ ዋሽንግተን ሆነው ሲገቡ የተመረጠው ሰርቨር ለአንዳቸው የግድ ይርቃል። በመካከለኛው ምሥራቅ ሰርቨር ከገቡ የዋሽንግተኑ ልጅ ፒንጉ ከሁሉም ይበልጣል፤ እዚያ ጎበዝ የተባለው ልጅ ከዘመዶቹ ጋር ሲሆን ደካማ የሚሆነው ለዚህ ነው። እሱን ለቅርብ ውጊያ አታስቀድሙት፤ ርቀት ላይ ያለ ሰው የፒንግ ጉዳት ያንስበታል። ሰዓቱንም አስቡ። አዲስ አበባና ሪያድ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ እዚህ ከምሽቱ ሦስት ሲሆን ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ከቀኑ ሰባት ወይም ስምንት ነው። የሥራ ሰዓት ላይ በእረፍት የገባ ሰው አንድ ጆሮው ሌላ ቦታ ነው።

መለያየትም አለ፤ እኛ ጋ ይሉኝታ ስለሚይዘን ብዙ ጊዜ በውሸት ይሆናል። «ቻርጅ ጨረስኩ» ይባላል፣ ከዚያ የጓደኞች ዝርዝር ላይ ጨዋታ ውስጥ መሆናችን በደቂቃ ተቆጥሮ ይታየዋል። ከዚያ የሚመጣው ኩርፊያ እውነቱን ቢነግሩት ከሚመጣው ይብሳል። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ዛሬ ለነጥብ ነው የምንገባው፣ ነገ ማታ ሊቪክ አብረን እንገባለን።» ሊቪክ 2 በ2 ኪሎ ሜትር የሆነ፣ 52 ሰው የሚገባበት ካርታ ነው፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ስለሚያልቅ ሽንፈቱም አያከብድም። ዋናው ነገር ነገ የተባለው ነገ መደረጉ ነው።

ከማያውቁት ሰው ጋር በአውቶ ማቺንግ ሲሆን ግን ይህ ሁሉ ልፋት አያስፈልግም። ለአንድ ጨዋታ የተገናኛችሁትን ሰው ማስተማር አትችሉም፤ አትሞክሩ። ከተሳደበ ሚውት አድርጉት፣ በምልክት ብቻ ተነጋገሩ፣ ብቻውን ከሮጠ ይሩጥ፤ ሲመታ ጠላት የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስን የሚሠራው ሪዮት ጌምስ ከተቃራኒ ቡድን ጋር የሚደረገውን የጽሑፍ ልውውጥ ከመጀመሪያው ዘግቶ፣ የፈለገ ብቻ እንዲከፍተው ባደረገ ጊዜ ስድቡ ቀንሷል፣ የሚጻፈው ነገር ብዛት ግን ብዙም አልወረደም። መናገር የፈለገ ከፍቶ ተናግሯል፤ የቀረው በስሜት የሚለጠፈው ነው። ማይካችሁን ሲከፍቱት ብቻ እንዲሠራ ማድረግም ይህንኑ ጥቅም ይሰጣል።

ስለ ሪፖርት አንድ ነገር ብለን እንጨርስ። ሪፖርት ማድረጊያው ለሚያጭበረብር፣ ለሚሳደብና ባልደረባውን ሆን ብሎ ለሚጎዳ ነው። የሜሪት ነጥብ የሚባለው ሰው ጨዋታ ጥሎ ሲወጣ ወይም በባልደረቦቹ ላይ ጥፋት ሲፈጽም ይወርድበታል፤ በጣም ከወረደ ከሌሎች ጋር እንዳይጫወት ይታገዳል። በመሸነፉ ተናዶ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅን «ደካማ ነው» ብሎ ሪፖርት የሚያደርግ ትልቅ ሰው ግን አለ፣ ሦስቱም ተመካክረው የሚያደርጉበትም ጊዜ አለ። ልጁ ብዙ ጊዜ የአባቱን ስልክ ይዞ ነው የሚጫወተው፤ መሐል ላይ ጥሪ ሲመጣ ጨዋታው ይቋረጥበታል፣ ሲመለስ ሞቶ ያገኘዋል። የገቢ ጥሪው ስክሪኑን እንዳይሸፍን በስልኩ የጌም ሞድ ውስጥ ማስተካከል ይቻላል። የቤቱ ታላቅ ይህን ቢያስተካክልለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ የሆንን የፐብጂ ተጫዋቾች
አዲስ አበባ